የእጅ ባንዴ ባትሪ ደክሟል፣ ስክሪኑም በአንድ ጎን ተነስቷል። ምን ላድርግ?

ልብስ ሰፊዋ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ሐዋሳ ነው። አረብ ሰፈር አካባቢ አንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። በ2012 ዓ.ም. ስኳር እንዳለብኝ ተነገረኝ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጽፎ ሲጨርስ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ እንደምውል ነገርኩት። «እንግዲያው በእግር መሄዱን ከመድኃኒቱ እኩል ያዢው» አለኝ። ታናሽ እህቴ ያኔ ቤይሩት ነበረች። ወሬውን ስትሰማ በሰው እጅ አንድ ጥቁር የእጅ ባንድ ላከችልኝ። እርምጃ ይቆጥራል፣ የልብ ምት ይለካል፣ ሰዓትም ነው።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ንጋት ላይ እወጣለሁ። ከፍቅር ሐይቅ እነሳና ዳር ዳሩን ይዤ አሞራ ገደል እደርሳለሁ። ጀልባዎቹ ሲጠጉ፣ ልጆቹ ዓሣውን መበለት ሲጀምሩ፣ አባ ኮዳዎቹ አጠገባቸው ቆመው ሲጠብቁ ትንሽ አያለሁ። ከዚያ እመለሳለሁ። የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ወፍራም ደብተር አለኝ። ከፊት በኩል የሰው ወገብና ትከሻ ነው። ከኋላ በኩል የእኔ እርምጃ ነው፣ ቀን በቀን ተጽፏል። የዘለልኩት ቀን ካለ ወይ ታምሜ ነው ወይ ለቅሶ ነበረብኝ።

ባንዱ መጀመሪያ አካባቢ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሁለት ሳምንት ይቆይ ነበር። አምና ወደ 4 ቀን ወረደ። አሁን ግን አንድ ቀን አይሞላም። ማታ እራት እስክንበላ እሰካዋለሁ፣ 100 ይላል፣ አስሬው እተኛለሁ። 11 ሰዓት ላይ በንዝረት እንዲያነቃኝ ነው የሞላሁት። አንድ ጊዜ ንዝር ይልና ጸጥ ይላል። መብራት ሳበራ ስክሪኑ ጨልሟል። ወዲያው ቻርጅ ላይ ስሰካው ደግሞ 40 ምናምን ይላል። እኔን ያልገባኝ ይሄ ነው። 40 ካለው ለምን ጠፋ?

ሌላም ነገር አለ። ስክሪኑ በአንድ ጎኑ ከፍ ብሏል። በዓይን ብዙም አያስታውቅም። ግን የልብስ ስፌት ክር ወስጄ ሥሩ ብሰደው ሰተት ብሎ ገባ። በሌላኛው ጎን አይገባም። አንድ ሱቅ ወሰድኩት። ልጁ በአውራ ጣቱ ጭኖ አስተካከለው፣ ሙጫ ቀባው፣ በላስቲክ አስሮ ሰጠኝ። 150 ብር ከፈልኩ። በ3ኛው ቀን ተመልሶ ተነሳ። ሌላ ሱቅ ሄድኩ፣ «ጣይውና አዲስ ግዢ» አሉኝ።

መጣሉ አልሆነልኝም። እህቴ ያን ጊዜ ከምን ላይ ቀንሳ እንደላከችው አውቃለሁ። ባትሪው ብቻ ከሆነ የደከመው ባትሪው ብቻ ይቀየር ነው የምለው። ይቻላል? የሚያውቅ ሰው ቢነግረኝ።

ኮምፒውተር ተማሪ (ሐዋሳ)

ሰላም እትዬ። ባትሪ ከመቀየርዎ በፊት ሴቲንጉን ያስተካክሉና ይዩት፣ ብዙ ልዩነት ያመጣል።

ከሁሉም በላይ ባትሪ የሚበላው የልብ ምቱ ነው። ባንዱን ገልብጠው ቢያዩት ከሥሩ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። ያ መብራት ቆዳዎ ላይ እያበራ ነው የደም ፍሰቱን የሚያነበው። በየደቂቃው እንዲለካ ተሞልቶ ከሆነ ሌት ተቀን ይበራል። ያጥፉት። እርምጃ ለመቁጠር መብራቱ አያስፈልግም። እርምጃውን የሚቆጥረው እንቅስቃሴን የሚያውቅ አንዲት ቅንጣት መሣሪያ ናት፣ እሷ የምትወስደው ኃይል በጣም ትንሽ ነው።

ቀጥሎ እጅ ሲነሳ ስክሪኑ በራሱ የሚበራውን ያጥፉ። እርስዎ ልብስ ሲሰፉ እጅዎ ቀኑን ሙሉ ስለሚንቀሳቀስ ስንት ጊዜ እንደሚበራ ያስቡት። ብርሃኑን ይቀንሱ። ከስልክ የሚመጣውን የቴሌግራም ኖቲፊኬሽንም ያቁሙት።

ሚ ባንድ የሚባለው የሻኦሚ ኩባንያ የእጅ ባንድ መጀመሪያ በፈረንጆቹ 2014 ሲወጣ የባትሪው አቅም 41 ሚሊአምፔር ሰዓት ብቻ ነበር። ግን 30 ቀን ይቆያል ተብሎ ነው የተሸጠው። ምክንያቱም ስክሪንም የልብ ምት መለኪያም አልነበረውም። በፈረንጆቹ 2019 የመጣው ሚ ባንድ 4 ባትሪው 135 ደርሶ እንኳን የተባለለት 20 ቀን ነው። ስክሪኑና መብራቱ ምን ያህል እንደሚበሉ ከዚህ ይታያል።

የቻርጀሩ መንካኪያ ላይ ላብ ደርቆ ከሆነ በአልኮልና በጥጥ ይጥረጉት። ስክሪኑ የተነሳው ሙጫው ደርቆ ይሆናል፣ ጠንከር ባለ ሙጫ ቢለጠፍ ይይዛል።

ሁሌ አዲስ

እህቴ፣ በእኔ በኩል አትድከሚ ነው የምልሽ። አዲሶቹ በጣም ተሻሽለዋል። በፈረንጆቹ 2024 የወጣው ሚ ባንድ 9 ባትሪው 233 ነው፣ 21 ቀን ይቆያል ይላሉ። ለጥገና የምታወጪውን ጨምረሽ አዲስ ብትገዢ ያዋጣሻል።

ስልክ ጠጋኝ (አዳማ)

እትዬ፣ ይህን እንዳነበቡ ባንዱን ቻርጅ ማድረግ ያቁሙ። አሁን ተሰክቶ ከሆነ ይንቀሉት። እጅዎ ላይ አስረውት አይተኙ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

እኔ አዳማ ነው የምሠራው። ስልክ ስጠግን 11 ዓመቴ ነው፣ ሰዓትና ባንድም ይመጣልኛል። ከጻፉት ሁሉ ዓይኔን የያዘው ክሩ ነው። ሙጫው ብቻ ለቆ ቢሆን ጫን ሲሉት ይመለስና በአዲስ ሙጫ ይይዝ ነበር። የእርስዎ ግን ተጭኖ፣ ተለጥፎ፣ በላስቲክ ታስሮ በ3ኛው ቀን ተነሳ። ከውስጥ የሚገፋው ነገር አለ ማለት ነው። የሚገፋው ባትሪው ነው። አብጧል።

እነዚህ ባንዶች ውስጥ ያለው ባትሪ ሊቲየም ፖሊመር ይባላል። እንደ ሬዲዮ ድንጋይ ጠንካራ ቆርቆሮ የለውም። ስስ የአሉሚኒየም ከረጢት ነው፣ ዳር ዳሩ በሙቀት ተጣብቆ የተዘጋ። ሲያረጅ ውስጡ ያለው ፈሳሽ እየተበላሸ ጋዝ ይሆናል። ጋዙ መውጫ ስለሌለው ከረጢቱን እንደ ትራስ ይነፋዋል። ባንዱ ውስጥ ትርፍ ቦታ የለም። ስለዚህ የሚያነሳው ስክሪኑን ነው።

ያ ልጅ በአውራ ጣቱ መጫኑ በጣም አስደንግጦኛል። ከረጢቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ስስ ንብርብር አለ፣ አንዱ ፖዘቲቭ አንዱ ነጌቲቭ። የሚለያቸው ከፌስታል የሳሳ ነገር ነው። ሲጫኑት እሱ ከተቀደደ ሁለቱ ይነካካሉ፣ ባትሪው ይግላል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። በተማሪው ወንድማችን አልከፋም፣ የሴቲንጉ ምክር ትክክል ነው። ጠንካራ ሙጫ ያለውን ግን አይስሙት።

ትንሽ ባትሪ ነው፣ ምን ያመጣል አይበሉ። በመጋቢት 2022 በፈረንጆቹ ፊትቢት አዮኒክ የሚባለው ሰዓት ከተጠቃሚዎች እጅ እንዲመለስ የተጠራው በዚሁ ጉዳይ ነው። ባትሪው እየጋለ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ብቻ 78 የመቃጠል ጉዳት ሪፖርት ተደርጓል። እዚያ የተሸጠው 1 ሚሊዮን ገደማ ስለነበር ከዚያ ውስጥ 78 ጥቂት ሊመስል ይችላል። ግን አንጓ ላይ የታሰረ ነገር ነው፣ እንቅልፍ ላይ እያሉም ሊያቃጥል ይችላል።

አሁን 40 ካለው ለምን ይጠፋል ወዳሉት ልምጣ። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ያስቡ። ውኃ አለው፣ ቧንቧው ግን በዝቃጭ ጠቧል። አንዲት ቧንቧ ቀስ ብለው ሲከፍቱ ይወርድልዎታል። ሻወሩን አብረው ሲከፍቱት ግን ጭል ጭል ብሎ ይቋረጣል። ያረጀ ባትሪም እንደዚያ ነው፣ ያለውን ቶሎ መስጠት ያቅተዋል። ሙሉ ሲሆን 4.2 ቮልት አካባቢ ነው፣ ወደ 3 ቮልት ሲወርድ ባንዱ ራሱን ያጠፋል። ንዝረቱን የሚያመጣው ሞተር ነው። ሞተሩ ሲነሳ በአንድ ጊዜ ብዙ ይጠይቃል፣ ቮልቱ ለቅጽበት ዝቅ ይላል፣ ባንዱ ባትሪው ያለቀ መስሎት ይዘጋል። ሞተሩ ሲቆም ቮልቱ ተመልሶ ይወጣል። ለዚህ ነው ሲሰኩት 40 የሚያሳይዎት። ውሸቱን አይደለም፣ 40ው አለ፣ ግን መውጣት አልቻለም።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። በካውያ ሲተኩሱ ባንዱ በየትኛው እጅዎ ላይ ነው ያለው? ደህና በነበረበት ጊዜስ በየስንት ቀኑ ነበር የሚሰኩት?

ልብስ ሰፊዋ (ሐዋሳ)

ወንድሜ እግዜር ይስጥህ። ማታ ሳነበው ተሰክቶ ነበር፣ እየተንቀጠቀጥኩ ነቀልኩት። አሁን በረንዳ ላይ ሲሚንቶው መሐል አስቀምጬዋለሁ፣ ከጨርቅ ራቅ አድርጌ።

የማስረው በቀኝ እጄ ነው። የምተኩሰውም በቀኜ ነው። ሱፍ ስተኩስ እርጥብ ጨርቅ ከላይ አነጥፍበታለሁ፣ እንፋሎቱ ወደ አንጓዬ ነው የሚመጣው። አንዳንዴ ባንዱ ራሱ ግሎ ይሰማኝ ነበር፣ ግን ከቆዳዬ ነው ብዬ አልፈው ነበር። የጥር ሠርግ ሲደርስ ደግሞ ካውያው ከእጄ አይወርድም። እንዲህ ይጎዳዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ስሰካው የነበረው ቅዳሜ ማታ ነው። እሑድ ገብርኤል ተሳልሜ ስመለስ እነቅለዋለሁ። በሳምንት አንዴ ማለት ነው፣ ግማሹ እንኳ ሳያልቅ።

ለተማሪው ልጄም አመሰግናለሁ፣ ስለ መብራቱ ያልከው በደንብ ገብቶኛል። አዲስ ግዢ ላሉኝም ክፉ እንዳላሰቡ አውቃለሁ።

ስልክ ጠጋኝ (አዳማ)

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ሆነ። እንዲህ ያለ ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ተሟጦ እስኪሞላ በደንብ ይሠራል። እርስዎ በሳምንት አንዴ፣ ያውም ከግማሽ ጀምረው ሲሞሉት ነበር። ደህና የነበረበትን ጊዜ 5 ዓመት ብንለው እንኳ ቢበዛ 260 ጊዜ ሰክተዋል። በሙሉ ሲቆጠር 130 ገደማ ነው። ስለዚህ በቻርጅ ብዛት አይደለም ያረጀው። ካውያው ነው። ሊቲየም ባትሪ ሙቀት አይወድም፣ በተለይ ሞልቶ እያለ ሲሞቅ ቶሎ ያረጃል። ዕድሜውም አለ፣ ቁጭ ቢል እንኳ ያረጃል።

ይቀየራል ወይ ላሉት፣ አዎ ይቀየራል። እኔ ጋ መላክ አያስፈልግም። ያበጠ ባትሪ ያለበትን ዕቃ መኪና ላይ አልጭንም፣ እርስዎም አይጫኑ። እዚያው ሐዋሳ ጥንቁቅ ልጅ ይፈልጉ። ፈላልገው ሲያገኙ ይህን ያንብቡለት።

ከመከፈቱ በፊት የቀረውን ቻርጅ ይጨርስ። ስክሪኑን ደጋግሞ እያበራ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ። ባዶ ባትሪ ቢቀደድ እንኳ የሚያቃጥልበት አቅም ትንሽ ነው። ከዚያ በፊት ግን እርስዎ ባንዱን ከስልክዎ አፕ ጋር ያገናኙት፣ ያልተላለፈ እርምጃ ካለ እንዳይጠፋብዎ።

ስክሪኑ በአንድ ጎን ስለተነሳ በእዚያው በኩል ይግባ። ሌላውን ጎን ሙጫ ለማላላት የፀጉር ማድረቂያ ይበቃል፣ ያውም ከሩቅና ለጥቂት ሰከንድ። ምላጭ አይጠቀም፣ ስስ ፕላስቲክ ይጠቀም። ስክሪኑን ጎትቶ አያንሳ። ከሥሩ እንደ ጥብጣብ ያለ ስስ ኬብል አለ፣ እሱ ከተበጠሰ ባንዱ አበቃለት። እንደ መጽሐፍ ገጽ ቀስ ብሎ ይገልብጠው።

ባትሪው አንዳንዱ ላይ በማያያዣ ነው፣ አንዳንዱ ላይ በብየዳ። ሽቦ ከሆነ አንድ በአንድ ይቁረጥ። ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ በመቁረጫ ከያዛቸው እዚያው ይገናኛሉ፣ እሳት ይተፋል። ባትሪውን ሲያወጣ በሾለ ነገር አይፈንቅለው።

ስለ ልክ ደግሞ እርስዎ ከሁላችንም ይሻላሉ። ባትሪው ላይ ብዙ ጊዜ ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ይጻፋል። ለምሳሌ 401220 የሚል ከሆነ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር፣ ስፋቱ 12፣ ርዝመቱ 20 ማለት ነው። ልክ እንደ እርስዎ ደብተር ነው። ተተኪው ከዚያ መብለጥ የለበትም፣ በተለይ በውፍረቱ። ትንሽ ቢያንስ ይሻላል፣ ለወደፊት ቦታ ይኖረዋል። ጫፉ ላይ ቢጫ ፕላስቲክ የተለጠፈባት ትንሽ ሰሌዳ መኖሯን ያረጋግጥ፣ ከመጠን በላይ እንዳይሞላና እንዳይሟጠጥ የምትጠብቀው እሷ ናት። ከሌላ ያረጀ ዕቃ ላይ የተፈታ ባትሪ እገጥማለሁ ካለ እምቢ ይበሉ። አዲስ መሆን አለበት።

መዝጊያው ቢ 7000 የሚባለው የስልክ ስክሪን ሙጫ ይሁን። አንድ ቀን ሙሉ ይተወው። ከተዘጋ በኋላም ውኃ አይገባውም ብለው አይመኑ። የፋብሪካው መታተሚያ አንዴ ከተከፈተ እንደ ድሮው አይሆንም። ሲታጠቡ ያውልቁት።

አሮጌውን ባትሪ ከቆሻሻ ጋር እንዳይጥሉት። ቆሻሻ የሚጭኑት ልጆች በእጃቸው ነው የሚነኩት፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ይቃጠላል። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ደረቅ አሸዋ ጨምረው እዚያ ይቅበሩት።

ነርሷ

እትዬ፣ ባንዱ እስኪሠራ የጠዋቱን መንገድ እንዳያቋርጡ ብዬ ነው የገባሁት። ታካሚዎቼ ላይ አያለሁ፣ መቁጠሪያው ሲበላሽ መሄዱም አብሮ ይቀራል።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር በእርምጃ ቁጥር አይደለም የሚናገረው። በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ፣ ልብ ሞቅ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ነው የሚለው። ፈጠን ብሎ መራመድ በቂ ነው። እያወሩ መሄድ የሚችሉበት፣ መዝፈን ግን የማይችሉበት ፍጥነት ማለት ነው። 10,000 እርምጃ የሚባለው ቁጥር በፈረንጆቹ 1965 ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም የመጣ ነው። ስሙ ማንፖ ኬ ነበር፣ «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» እንደማለት። እና ቁጥሩ ባይኖርዎትም ሰዓት አይተው ደቂቃውን ደብተርዎ ላይ ይጻፉ። ስልክዎን ኪስዎ ውስጥ ይዘው ከሄዱም እርምጃ የሚቆጥር አፕ አለ።

ሌላው፣ ምሳ በልተው ወዲያው መኪናው ላይ ከመቀመጥ 10 ደቂቃ በሰፈሩ ዞር ዞር ይበሉ። ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ለማውረድ ይረዳል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጠዋት ባዶ ሆዱን ረጅም መንገድ ሲሄድ ስኳሩ ሊወርድበትም ይችላል፣ ኪስዎ ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ።

ልብስ ሰፊዋ (ሐዋሳ)

ሦስት ሳምንት ሆነኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ፒያሳ አካባቢ አንድ ወጣት አገኘሁ። መልእክቱን ከስልኬ ላይ ራሱ አነበበው፣ ሁለቴ። «ይሄን የጻፈው ሰው ሥራውን ያውቃል» አለኝ። ስክሪኑ ቢሰበር ኃላፊነት እንደማይወስድ አስቀድሞ ነገረኝ። ተስማማሁ። ግን አጠገብህ ተቀምጬ ልይ አልኩት፣ እሺ አለ።

አንድ ሰዓት ያህል ፈጀበት። እጁ እንደ ጥልፍ ጠላፊ እጅ ነው። በተነሳው ጎን አንዲት ስስ ፕላስቲክ አስገብቶ በዙሪያው ሄደ፣ ልክ እኔ ስፌት ስተረትር እንደማደርገው፣ ሳይጎትት። ስክሪኑ ሲገለበጥ ያ የተባለው ጥብጣብ ታየ። ከሥሩ ባትሪው ነበር። የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህላል፣ ብርማ ነው። ሆዱ ተነፍቷል። ዳር ዳሩ የታጠፈው ቦታ እንደ ጠበበ ቀሚስ ስፌት ተወጥሮ፣ በአንድ ጥግ ሊፈታ ምንም አልቀረውም። የተጻፈበት ውፍረት 4 ሚሊሜትር ነው። በካሊፐር ሲለካው ከ6 አለፈ። ጣቴን ላስጠጋ ስል «ኧረ እትዬ!» አለኝ። በወረንጦ ሳይሆን በፕላስቲክ ነው ያነሳው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ቆረጠ፣ መጀመሪያ ጥቁሩን፣ በጫፉ ላይ ቴፕ ለጠፈበት፣ ከዚያ ቀዩን።

በልኩ የሚሆን አዲስ ባትሪ ሐዋሳ ላይ አልተገኘም። ከአዲስ አበባ እስኪመጣለት 6 ቀን ጠበቅን። ውፍረቱ በግማሽ ሚሊሜትር ያንሳል። ትንሿ ሰሌዳ አለችው፣ ቢጫ ፕላስቲኳን ራሴ አይቻለሁ። ሙጫውን ቀብቶ ሲዘጋው ከላይ የሚያስቀምጥበት ቀለል ያለ ነገር ፈለገ። የልክ ደብተሬን ሰጠሁት። እሱ ሱቅ አደረ፣ ባንዱም ደብተሩም። ሁሉም ተጨምሮ 900 ብር ከፈልኩ።

በእነዚያ ቀናት ነርሷ እንዳልሽኝ ደቂቃ ጻፍኩ። ከፍቅር ሐይቅ አሞራ ገደል ደርሼ ስመለስ 50 ደቂቃ ነው። ደብተሩ ላይ ከእርምጃው መሐል 12 መስመር ደቂቃ አለ። ከምሳ በኋላም ሰፈሩን መዞር ጀምሬያለሁ፣ ጎረቤቶቼ ምን ሆነሽ ነው ብለውኝ ነበር፣ አሁን አንዷ አብራኝ ትዞራለች። ከረሜላውም ኪሴ ውስጥ ነው።

ባንዱ ዛሬ 9ኛ ቀኑ ነው። 34 ይላል። የልብ ምቱን ተማሪው ልጄ እንዳለኝ ዘግቼዋለሁ፣ ብርሃኑንም ቀንሻለሁ። 11 ሰዓት ላይ ሦስቴ ንዝር ብሎ ነው የቀሰቀሰኝ፣ አልጠፋም። በግራ እጄ ነው የማስረው አሁን። ካውያው ሲሰካ ባንዱ ከአንጓዬ ይወጣል፣ መሳቢያ ውስጥ የአዝራር ቆርቆሮው ጋ ይገባል። እህቴ አሁን እዚሁ አገር ናት። ስነግራት «ያ እስካሁን አለ?» ብላ ስልኩ ላይ ዝም አለች።

አሮጌው ባትሪ በረንዳው ላይ አሸዋ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ትናንት ያ በሙጫ የለጠፈልኝ ልጅ ሱቅ ተመልሼ ሄድኩ። ልጣላው አይደለም። ገና ልጅ ነው፣ የወንድሜን ልጅ ያህላል። ያበጠ ባትሪ እንደነበረ፣ ያን ዕለት ጭኖ ቢቀድደው በእጁ ላይ ሊነድበት ይችል እንደነበር ነገርኩት። ደነገጠ። ማንም እንዲህ አድርጎ ነግሮት እንደማያውቅ ነገረኝ። ስለ ክሩም አሳየሁት፣ ከቦርሳዬ አውጥቼ እሱ ጠረጴዛ ላይ በነበረ አንድ ሰዓት ላይ ሞከርነው። አልገባም፣ ደህና ነበር። ከዚያ የአዳማውን መልእክት ከስልኬ ላይ ፎቶ አንስቶ ያዘው። ክሩንም ትቼለት መጣሁ።